ቱታ ሰፊው አባት

ሱሪዬን ላሳጥር ሠፈራችን ካሉት ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብል አባትና ልጅ ተፋጠው አገኘኋቸው። ልጅቷ የኤሮስፔስ ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

«እሰይ፣ መምህር መጡ! እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉ አባት መቀሳቸውን አስቀምጠው። «ትምህርት ሲዘጋ አውሮፕላን መጠገኛ ገብቼ ያለ ደመወዝ ልሥራ ትለኛለች። የምህንድስና ተማሪ ግራሶ ልትጠርግ!»

«ግራሶ ብቻ አይደለም፣ አባዬ። ወረቀት ላይ የማሰላው ክንፍ ሲፈታ፣ ስንጥቁ ሲፈተሽ አያለሁ። ዛሬ እሺ ካላልኩ ደግሞ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይስጡታ! ዕድሜዬን ሙሉ የመካኒክ ቱታ የሰፋሁት ልጆቼ ቱታ እንዳይለብሱ ነው። ዲግሪሽን ያዢ፤ ሥራው ራሱ ቤትሽ ድረስ ይመጣል።»

አይ የእኛ ነገር! ልጅ ተማረ ማለት እጁ ሳይቆሽሽ ወንበር ላይ ጉብ አለ ማለት ይመስለናል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ «ለመሆኑ እርስዎ መርፌ ሳይጨብጡ ነው ልብስ ሰፊ የሆኑት?» አልኳቸው።

«የእኔ ሌላ፣ የእሷ ሌላ! እኔ መች ምርጫ ነበረኝ?»

«ለእኔም እንዲሁ ነበር ያልከኝ» አለ ከጥግ አንድ ድምፅ። አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ የሚተክለው ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱም ይህንኑ ትምህርት በማዕረግ ጨርሷል።

«እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚያው መጠገኛ ቦታ አግኝቼ ነበር። አይሆንም አልከኝ፣ እሺ አልኩ። በኋላ ልቀጠር በሄድኩበት ሁሉ ‹በእጅህ ምን ሠርተሃል?› ይሉኛል። ምን ልበል? በውጤት ከእኔ በታች የነበሩት ዛሬ አውሮፕላን ፈትሸው ያስነሣሉ። እኔ ይኸው ቁልፍ እተክላለሁ።»

«በሞትኩት! ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«አባት አይወቀስም ብዬ ነዋ።»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔም ጣልቃ መግባቴን ጠላሁት። ከዚያ ሰማያዊውን የቱታ ጨርቅ ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ነይ ልለካሽ» አሏት ልጃቸውን። «ሂጂ፣ በዓይንሽ እይ፣ በእጅሽ ንኪ። የሙያው ሰዎች ይወቁሽ። ነገ ሲጠይቁሽ የምትመልሺው ይኑርሽ።» ወደ ወንድ ልጃቸው ዞረው ደግሞ «አንተም ና፤ ለአንተም ልስፋልህ» አሉት።

«እነሱ የሚቀበሉት ተማሪ ነው፣ አባዬ። የእኔ አልፏል።»

ተነሥቶ ግን የሜትሩን ጫፍ ያዘላቸው። የእኔ ሱሪ እንደተንጠለጠለ ከረመ፤ ቱታው ግን በማግስቱ አለቀ። ቁልፎቹን የተከለላት ወንድሟ ነው።