ጅብራው ውርጭ ይፈልጋል

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ችግኝ ያለበት ባልዲ ጭኗ ላይ ይዛለች። ጎኗ ያሉት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የጭላሎ ተራራ ጅብራ አይደለም እንዴ?»

«ነው አባቴ። ገብስ ሊዘሩ ተራራውን ሲያርሱ ነቅለው ጣሉት። አሳዘነኝ፤ ግቢዬ ልተክለው ነው።»

«አዳማ ውርጭ አለ?»

«አዳማ? ኧረ ከየት መጥቶ!»

«እሱን የሚያሳድገው ብርድ ነው። ታች ከወረደ ይሞትብሻል።»

«ታዲያ ልጣለው? እዚያም እርሻውም ከብቱም አላስቀምጥ አሉት።»

«ኧረ ለምን ትጥይዋለሽ! እኛ ጭላሎ ላይ፣ ከሰፈራችን በላይ፣ ከብት እንዳይገባ አጥረናል። ዘንድሮ የጅብራ ቡቃያ መሬቱን ሞልቶታል፤ ይሄንንም እዚያ እንተክለዋለን።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው።

«ስመለስ ይዤው እወጣለሁ። አሰላ ማን ይቀበለኛል?»

«ባለቤቴ መናኸሪያ ትጠብቅሃለች። ገለቶማ የኔ ልጅ!»

ወጣቷ ባልዲውን አቀፍ አደረገችው።

«ሲያብብ ግን ይደውሉልኛል አይደል?»

«እሱ እስኪያብብ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እኔ አልደርስበትም፤ የልጅ ልጆቼ ይደውሉልሻል።»

ሌላ ጊዜ መስኮት ዝጉ እያልኩ የምጨቃጨቀው እኔ፣ የአዳማ ሙቀት ሲቀበለን ለጅብራው ስል መስኮቱን ከፈትኩ።