የማይካፈሉት ቅባት

ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡት የቅኔ መምህር አዘነችላቸው።

«የኔታ፣ ግንባርዎን እሳት ፈጀዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ቅባት ነው። ዘመኔን ሁሉ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስተምር ቆዳዬ ተጎድቶ ኖሯል።»

«እንዲህ የሚያቀላ ቅባት ምን ያደርጋል? ይጣሉት እንጂ!»

«ልጥለው ነበር። ያዘዘችልኝ ሐኪም ግን መቅላቱ እንደማይቀር አስቀድማ ነግራኛለች። እንዳዘዘችኝ በስሱ ቀባሁ፣ ከዓይኔ አራቅሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ያለ ባርኔጣም አልወጣሁም። አሁንም ከእሷ ዘንድ መምጣቴ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አለችዎት?»

«‹ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ደረስንበት፤ ቅባቱ ይብቃዎት፣ ቅላቱም በቅርቡ ይጠፋል› አለችኝ!»

ሴትዮዋ እልል አለች፤ ሾፌሩም ክላክሱን ነፋ።

«እንግዲያው የተረፈውን ለባሌ ይስጡኛ! የሱም ጆሮ ጫፍ ቆስሎ አልድን ብሎታል።»

«አይሆንም። ይህ እንደ ጸበል ለመጣው ሁሉ አይረጭም፤ ለእኔ ቆዳ የታዘዘ ነው። ባልሽን ለሐኪም አሳዪው።»

«እምቢ ቢለኝስ?»

«የኔታ ልከውኛል በይው። ደግሞ እምቢ ካለ እኔው ራሴ እየጎተትሁ አመጣዋለሁ!»

ሁሉም ሲስቅ እኔ ዕድሜውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ሲያርስ የኖረውን የገበሬውን አባቴን ፊት እያሰብሁ መውረጃዬን አልፌ ሄድሁ።