ጽሑፉ ውስጥ ያለው ልጅ

እኒያን ሽማግሌ ያገኘኋቸው አብርሃ ጅራ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው። ከጎጃም ድረስ የመጡት ልጃቸው የሞተበትን ቦታ ለማየት ነበር። ልጁ ከዓመታት በፊት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላው ወርዶ ካላዛር የሚባለው በሽታ ይዞት፣ እኔ የመድኃኒቱን መጠን በማጠናበት ክፍል ተኝቶ ነበር። በጣም ዘግይቶ ስለደረሰ ልናተርፈው አልቻልንም።

ነርሷ ወደ እኔ ጠቁማቸው መጡና፣ "ልጄን ጽፈኸዋል አሉኝ። እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ።

ስለዚያ ጥናት በሳይንስ መጽሔት ያሳተምኩት ጽሑፍ የምኮራበት ነው። የስንት አገር ተመራማሪ ጠቅሶታል፤ እኔም የጠቀሱት ሰዎች ቁጥር ጨመረ አልጨመረ እያልኩ ስልኬን ስከፍት እውላለሁ። ልጃቸው ግን ያለው አንዲት መስመር ላይ ብቻ ነው። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ "አንድ ታካሚ ሕክምናውን ሳይጨርስ ሕይወቱ አልፏል።"

አንብቤ ስጨርስ አፈርኩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "ይችን ሌላ ሰው አይቷታል?" አሉኝ።

"በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች አይተዋታል አባቴ። ለሌላው በሽተኛ መድኃኒት ሲመጥኑ ይህንን ያያሉ።"

"ስሙስ የታለ?"

"የታካሚ ስም አይጻፍም። እኔም የማውቀው በቁጥር ነው።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እንግዲያው አንተ ያዝልኝ ልጄ። ጌታሁን ነው። እኛ ቤት ግን ጌቴ ነው የምንለው።"

ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን አዲስ ሰው በጠቀሰው ቁጥር፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ "ጌቴ" እላለሁ።