በሣጥን የተቆለፉ አምስት መታወቂያዎች

ሥራዬ የወንዝ ውሃ መለካት ነው። ምርጫም ሆነ ሐዘን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ መለኪያው ዘንግ ወርጄ ቁጥሩን መመዝገብ አለብኝ። በምርጫው ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት ድምፄን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ጽፌ ወንዙን በሚገታው የአፈር ክትር ላይ ስመለስ፣ ጃዱኦንግ እያልን የምንጠራቸውን ሽማግሌ ኦቢዬሮን ክትሩ በተደረመሰበት ቦታ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ለመንደሩ ሰጥተው ነበር።

«የውሃ ጸሐፊ!» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም። «ዛሬም ለካኸው? ወንዙም ይመርጣል እንዴ?»

«የወንዙንማ ምርጫ በየዓመቱ ጎርፍ አየነው፣ ጃዱኦንግ። እርስዎስ? ጣትዎ ላይ ቀለም አላይም።»

«ንጹሕ ጣት ይዤ ልሞት ነው ሐሳቤ።»

ቀልድ አልነበረም። እኚህ ሽማግሌ በዚህ ቀን ከቤታቸው የሚሸሹበትን ምክንያት መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። አልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ የአምስት ሰው መታወቂያ ተቆልፏል፦ የእርሳቸው፣ የባለቤታቸው፣ የሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና የምራታቸው የአፖንዲ። ለገበያና ለሐኪም ቤት ሲያስፈልግ አውጥተው ይሰጣሉ፤ የምርጫው ወር ሲደርስ ሰብስበው ይቆልፋሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ የምርጫ ጣቢያ ደጃፍ አያልፍም።

አፖንዲ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዳነጋግራቸው ለምናኝ ነበር። በእኛ ወግ ምራት ከአማቷ ፊት ቆማ አትከራከርም። እኔም የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ዝም ማለቴን አሁንም እንደ ጥፋት እቆጥረዋለሁ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጃዱኦንግ፣ አፖንዲ መታወቂያዋን ትፈልጋለች።»

«እሷ ናት የላከችህ?»

«ልካኝ ነበር፤ አልመጣሁም። ዛሬ ግን በአጋጣሚ አገኘሁዎት።»

«እንግዲያው በአጋጣሚ እለፍ።» ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ግን ራሳቸው ጀመሩ። «ስንት ጊዜ መረጥን? ተመራጩ መጥቶ ይጨፍራል፣ ሴቶቹን ሻሽ ያለብሳል፣ ከዚያ አምስት ዓመት ፊቱን አናይም። ውሃው በየዓመቱ ይመጣል፤ እሱ በአምስት ዓመት አንዴ። ታዲያ ከሁለቱ ማንን ልመን?»

«ጥሩ ጠየቁ። ይህ የተቀመጥንበት ስብራት ባለፈው ዓመት ስንት እርምጃ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! የምትለካው አንተ።»

«ዐሥራ አራት እርምጃ። አሁን አምስት ነው። ዘጠኙን ማን ደፈነው?»

«ተወካዩ ድንጋይ አስመጣ።»

«ለምን አስመጣ?»

«ምርጫ ስለደረሰ ነዋ! አንተ ደግሞ! የእኔ ፍቅር ይዞት መሰለህ?»

«ልክ ነዎት፤ ለምርጫው ብሎ ነው ያመጣው። ምርጫ የሚጠቅመንም ለዚሁ ነው። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ አንድ ድንጋይ አላመጣም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት አፖንዲና የአርባ ሦስት ቤት ሴቶች ትምህርት ቤቱ ግቢ ጠርተውት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ስብራቱን መቼ ትደፍናለህ? መልሱን ደብተር ላይ ጽፈው አስፈረሙት። ተፎካካሪውን የሩዝ ነጋዴም ጠርተው ጠየቁት። እሱ አልፈርምም ብሎ ሄደ። የፈረመው ድንጋይ አመጣ። እኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎት።»

«በደብተር!» ሽማግሌው ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ሴቶቻችን ደብተር ይዘው መንግሥት ሆኑ በለኛ። ጠዋት በጣቢያው ስትመርጥ ምን አየህ? እሱን ንገረኝ።»

ያየሁትን ነገርኳቸው። ሕፃን ያዘለች ሴት ወረፋ ሳትጠብቅ ስለምትገባ፣ የጎረቤታችን የአኬዮ የአራት ወር ልጅ በሦስት ሴቶች ጀርባ ሦስት ጊዜ ገብቶ ነበር። በአራተኛው የጣቢያው ጸሐፊ ነቅታባቸው የሕፃኑን ጣት ቀለም ቀባችው። ልጁ ጣቱን እየጠባ ወጣ።

አሁን ከልባቸው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«አየህ፣» አሉ፣ «ከሕፃን ጀምረን እናጭበረብራለን። ተወኝ እባክህ። ኦዴራ መርጦ ነበር። ልጄን ጣቱ ላይ ቀለም እንዳለ ነው የቀበርኩት። ገንዘው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ጣት ነው። እንግዲህ አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ ይህን በምን ትለካዋለህ?»

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ከምርጫው በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የመንደሩ ወጣቶች ድምፃችን ተሰረቀ ብለው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ከሄዱት ውስጥ አራቱ አልተመለሱም። የአፖንዲ ባል ኦዴራ አንዱ ነበር። ጥይቱ ከማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዝም ብዬ ብቀር ይሻል ነበር ይሆናል። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ መርምሬ ካላየሁ አላርፍም።

«ኦዴራን የገደለው ድምፅ መስጠቱ ነው ብለው ያምናሉ?» አልኳቸው። «ማክሰኞ መረጠ፤ ረቡዕ ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ። የሞተው ዓርብ ነው። ከሐሙስ እስከ ዓርብ ምን ሆነ? ወሬ መጣ። የውጤቱ ወረቀት በየጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሄዶ ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ወሬው ከወረቀቱ ቀደመ። ዛሬ ሴቶቹ ያሰቡት ይህንን ነው። በምርጫ ክልላችን ስምንት ጣቢያ አለ። በእያንዳንዱ አንዲት ሴት ታድራለች፤ በሩ ላይ የሚለጠፈውን እየገለበጠች ነገ ጠዋት ታመጣለች፤ በአደባባይ ይነበባል። ሰው ያላየውን እንዳያወራ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የአፈር መልክ ይዞ ነበር።

«ወሬውን ማን አመጣው?» አሉኝ።

«አላውቅም። ያን ቀን ወንዙ ላይ ነበርኩ።»

«እኔ ነኝ።»

ኦቢዬሮ ሃያ ዓመት በሙሉ በአካባቢው አለቃ ስብሰባ ላይ ማስታወቂያ አንባቢ ነበሩ። ድምፃቸው ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ይሰማል።

«አንድ ባለ ብስክሌት መጥቶ የድምፅ ሣጥኖቹ ወንዝ ውስጥ ተጣሉ አለኝ። አየህ ወይ አላልኩትም። መንታ መንገዱ ላይ ወጥቼ፣ ልክ የአለቃውን ማስታወቂያ እንደማነብ፣ ጮኼ ተናገርኩ። 'ወንድ የሆነ ይነሳ!' አልኩ። ኦዴራ መረቡን ጥሎ ተነሳ። ሳላጣራ መናገሬን ለእናቱ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ሣጥኑን የቆለፍኩት የመንግሥትን ክፋት ፈርቼ ይመስልሃል? አፌን ነው የቆለፍኩት።»

ያን ጊዜ ነው ከኋላችን የእግር ድምፅ የሰማነው። አፖንዲ ነበረች። እኔን ፍለጋ ነበር የመጣችው፤ ጣቢያው ሊዘጋ የቀረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም ነበር። አማቷን ስታይ እንደ ወጉ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ቆመች። ሁሉንም እንደሰማች ከአቋቋሟ አወቅኩ። ሽማግሌውም አወቁ።

«አባታችን፣» አለች ፊቷን ሳትመልስ፣ «እኔ አውቃለሁ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«የዚያን ቀን ድምፅዎን ከጓሮ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። 'ይነሳ' ሲሉ ሰማሁ፤ ኦዴራ ሲያልፍ አየሁ።»

«ዐሥራ አምስት ዓመት?»

«ዐሥራ አምስት ዓመት።»

«እያወቅሽ በየቀኑ የኡጋሊ ገንፎ ታቀርቢልኝ ነበር?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጨው እየነሳሁ ነበር» አለች። «ጨው የለውም ብለው አልተናገሩም። ያን ጊዜ ጥፋትዎን እርስዎም እንደሚያውቁት ገባኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ።

«አባታችን፣ ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ አንዳንድ ቀን እልዎታለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልልም። የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። እኛ ሴቶች ደብተር አለን፤ ድምፅ የለንም። ነገ ቁጥሩን እኔ ባነብ፣ ያቺ መበለት ምን ታውቃለች ይሉኛል። የውሃ ጸሐፊውም ቢያነብ...» ገልመጥ አድርጋ አየችኝ፤ «ሰው ይተኛል። ይህ መንደር አንድ ድምፅ ሲሰማ ነው የሚነሳው። ያው ድምፅ ተቀመጡ ቢለው ደግሞ ይቀመጣል። እንዲያነቡልን ነው የምለምነው። መታወቂያዬን ቢሰጡኝም አይከፋኝም፤ ግን እሱ ሁለተኛው ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሽማግሌው መሬቱን ደግፈው ተነሱ። ወደ ቤታቸው መራመድ ጀመሩ። እኛም ከኋላቸው።

ሣጥኑ ሲከፈት የዛገ ማጠፊያው ጮኸ። ባለቤታቸው ከደጅ ሆነው «ምን ነካው ዛሬ?» ሲሉ ሰማሁ። ኦቢዬሮ አምስቱን መታወቂያዎች ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ። የአፖንዲን ሲያነሱ ፎቶዋን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ፎቶውን ስትነሳ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች።

ጣቢያው የደረስነው ለመዘጊያው፣ ለዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ወረፋ ላይ ያለች አንዲት ሴት ሽማግሌውን አይታ «ኧረ! ሣጥኑ ራሱ እግር አውጥቶ መጣ!» ብላ ሰውን አሳቀች። «ሕፃን ላውስዎት እንዴ፣ ጃዱኦንግ? ቶሎ ይገባሉ።» እሳቸውም «የእናንተ ሕፃን ከእኔ በፊት መርጦ ጨርሷል አሉ» ብለው መለሱላት። አፖንዲ ቀደመች፤ እሳቸውም በተራቸው ገቡ። ሲወጡ ቀለም የነካውን ጣታቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ ቀለሙን የቀባቻቸውን ልጅ እግር ጸሐፊ «አመሰግናለሁ!» አሏት። ድምፁ ግቢውን ስለሞላው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ደንግጣ «ምን አደረግኩ?» አለች። ኦዴራን ከቀበሩ ወዲህ ያ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመንደሩ ሰው ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። የምሥራች እንደነበረ አድርጌ አልጽፍም። በጣቢያችን በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ለፈረመው ተወካይ ሁለት መቶ ሦስት፣ ላልፈረመው ነጋዴ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ይላል። ኦቢዬሮ ሲያነቡ ሰዉ ተንጫጫ። ያን ጊዜ አንድ ባለ ሞተር ብስክሌት ወጣት ሞተሩን ሳያጠፋ ግቢው ውስጥ ገብቶ «ተሰርቀናል! በማዶው ጣቢያ ሣጥን ተቀይሯል!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ የነበሩት ወጣቶች ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። የአንዱን እጅ አይቻለሁ።

«ሞተሩን አጥፋው!» አሉት ኦቢዬሮ። አጠፋው። «አይተሃል?»

«ተደውሎልኝ ነው፣ ጃዱኦንግ።»

«ማን ደወለ?»

«የጓደኛዬ ወንድም።»

«እሱስ አይቷል?»

«እሱም... ሰምቶ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። «ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰምቼ፣ ሳላይ ተናገርኩ። ልጄን ኦዴራንና የሦስት ቤት ልጆችን ያስገደለው ያ ነው። የእናንተ አባቶች እዚህ አሉ፤ ሰምተውኛል፤ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስ። አፖንዲ፣ የማዶውን ወረቀት አምጪ።»

ደብተሩን ሰጠቻቸው። የማዶዋ ሴት በሩ ሥር አድራ የገለበጠችው ነበር፤ የሁለቱም ፓርቲ ወኪሎች ስምና ፊርማ ሳይቀር ተጽፏል። አነበቡት። ከዚያ የሌሎቹን ስድስት ጣቢያዎች አነበቡ። እኔ ደመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ነጋዴው በስልሳ አንድ ድምፅ አሸንፏል። መራራ ነው፣ ግን ልክ ነው። አንዲት እናት ከሰው መካከል ሰምታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ልጇ ከአራቱ አንዱ ነበር። ሽማግሌውን አልሰደበቻቸውም፤ አላጽናናቻቸውምም። ድንጋይ የያዘው ወጣት እጁን ፈታ። ሰዉ በሁለትና በሦስት እየሆነ ወደ ቤቱ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ የተሸነፈ መንደር ምን አተረፈ ትለኝ ይሆናል። በዚያ ሳምንት በመንደራችን መቃብር አልተቆፈረም። ሰዎች ስለ ሽንፈታቸው የሚያወሩት በቁጥር እንጂ በጩኸት አልነበረም። ዘጠኝ እርምጃ ክትር በፊርማ ጉልበት መደፈኑን ስላዩ፣ የቀረውን አምስት አዲሱን ተመራጭ መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀራቸው፤ ወደደም ጠላም ተመራጩ የእነሱ ነው። ድምፅ መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው። መጠየቅ፣ መጻፍ፣ ሄዶ በዓይን ማየት ግን የአምስት ዓመት ሥራ ነው። እሱን ለሌላ ሰው የተወ መንደር በምርጫው ቀን ብቻ ቢቆጣ ማንም አይሰማውም። መታወቂያውን የሚቆልፍ ደግሞ ከአደጋው አይድንም፤ ከውሳኔው ብቻ ይቀራል።

ሰዉ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ኦቢዬሮ ደብተሩን ለአፖንዲ መለሱላት።

«ነጋዴው ጋ መቼ ነው የምትሄዱት?»

«ነገ፣ ሐሙስ፣ አባታችን።»

«እሱ እኮ አልፈርምም ያለ ሰው ነው።»

«እንደገና እንጠይቀዋለን።»

«ማን ነው የሚጠይቀው?»

«እኔ ነኝ።»



«አንቺው ጠይቂ» አሉ። «እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»