የባምያ ዘር

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መተማ ዮሐንስ አጠገብ ለተጠለሉ ሱዳናውያን የባምያ ዘር ይዤ ሄድኩ። ዐረብኛ የለመድኩት በልጅነቴ ነው፤ እኛም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ጥገኝነት ጠይቀን መልስ ስንጠብቅ። አንዲት አዲስ የመጣች እናት ዘሩን ስሰጣት እጇን ሰበሰበች።

«ምን ያደርግልናል ወንድሜ? ባምያው ሳያፈራ የጥገኝነት መልሳችን ይመጣል።»

አባቴም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ ሳይዘራ ቀርቶ በረሃብ ከረምን። ጎረቤቷ ሽማግሌ ሰምተዋት ሳቁ።

«አምና እንዲህ ብያለሁ ልጄ፤ ካቻምናም ብያለሁ። እንቢ ካልሽ ድርሻሽን ለእኔ ይጨምርልኝ!»

ሴትዮዋ ዞራ ልጆቿን አየች። ከዚያ የልብሷን ጫፍ ዘረጋች።

«እንግዲያው ቶሎ የሚደርሰውን ስጠኝ።»

የያዝኩት ዘር ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። «ይኼኛው ፈጣን ነው» ብዬ ዘገንኩላት።