መቀመጥ ይቅር ማለት አይደለም

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ የልጄ የሃሴት መኪና ተበላሽቶ ከሌክ ሲቲ ወደ ሾርላይን በሚሄደው አውቶቡስ አብረን ተሳፍረን ሳለ፣ ጎረቤታችንን አቶ ወልደ ሥላሴን አገኘናቸው። እኚህ ሰው ታክሲ ሲነዱ በጨዋታቸው የታወቁ ነበሩ። አንድ ወጣት ተሳፋሪ በቡጢ መትቶ የፊት ጥርሳቸውን ካወለቀ ወዲህ ግን መንዳቱንም ጨዋታውንም ትተዋል።

ልጄ የምትሠራው በዳይንና ተበዳይን ፊት ለፊት በሚያነጋግር ቢሮ ነው። እኔም እናት ነኝና፣ ከማን ጋር ትቀመጥ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።

«ከቢሮሽ ደውለውልኝ ነበር» አሏት። «የመታኝ ልጅ እስራቱን ጨርሶ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል አሉ። አልሄድም።»

«ለምን፣ አባባ?»

«ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ እምቢ ማለት ነውር ነዋ! ከተቀመጥኩ ይቅር ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ገና አልበረደልኝም።»

«ኦኬ፣ እዚህ እኮ መቀመጥ ይቅር ማለት አይደለም። የሚሰማዎትን ተናግረው፣ ጥያቄዎን ጠይቀው መውጣት ይችላሉ።»

«ብቆጣስ?»

«ይቆጡ። እጅ ማንሳት ብቻ ነው ክልክሉ።»

«እጄንማ ሪህ ይዞታል!»

ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ተናግሬ ይሆን ያስቆጣሁት? ብዙ አወራለሁ እኮ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው» አሉ።

«ይህን ከእሱ በቀር ማን ይመልስልዎታል?» አለች ልጄ።

«እንግዲያው ቀጠሮ ያዥልኝ» አሉ።

በቀጠሮው ዕለት ሃሴት አብራቸው ገባች፤ እኔ ከበሩ ውጭ ስጸልይ ቆየሁ። መጀመሪያ የአቶ ወልደ ሥላሴ ቁጣ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ የልጁ ለቅሶ። በመጨረሻ ሳቅ ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ወይዘሮ ማንአልሞሽ፣ ለካ ምንም አላልኩትም!» አሉ ሲወጡ። «ሰክሮ ነበር። “ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው” አለኝ። እኔ በራሴ ላይ ስፈርድ ከርሜ!»

«ታዲያ ይቅር አሉት?» አልኳቸው።

«ገና ነው። ለጊዜው ያለ ጥርስ ቆሎ መብላት ምን እንደሚመስል ነገርኩት። መሳቅ ፈርቶ ሲታፈን፣ እኔው ቀድሜ ሳቅሁለት።»

ሽምግልናችን መልካም ነው። ነገር ግን የተበደለውን ሰው ሳያናግር በግድ ካስታረቀ፣ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ሲነጋገሩ ግን ተበዳዩ እውነቱን አውቆ ያርፋል፤ በዳዩም የጎዳውን ሰው በዓይኑ አይቶ ያፍራል፣ ይታረማል። የእኔም ስጋት ያን ዕለት ቀለለ።

ሃሴት በመኪናዋ ወደ ቤት ስትወስደን፣ አቶ ወልደ ሥላሴ ጨዋታቸውን ከጎዳና እስከ ጎዳና አላቋረጡም። እሷም ስትስቅ መታጠፊያችንን አልፋ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ሌላ ከተማ አደረሰችን። እሳቸውም፣ «ጥሩ ነው፣ ገና አልጨረስኩም» አሉ።