ወደ ቀኝ የሚፈታ ብሎን

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ የጋራዡም የቢሮውም ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ለእኔ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንበር ላመላለሱት፣ አዳራሹን ላስጌጡትም እግዜር ይስጥልኝ። ስጦታውን ግን አሁን አልከፍተውም። በእጄ መዘን አድርጌዋለሁ፤ ለሰዓት ከበደ፣ ለመጽሐፍ ቀለለ። እቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አየዋለሁ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስትስቁብኝ ኖራችኋል፤ ዛሬ በምሰናበትበት ቀን ብቀየም ምን ይጠቅመኛል?

ለማታውቁኝ አዲሶች፣ እኔ የማኑዋል ክፍሉ ሰው ነኝ። ከመለዋወጫ መጋዘኑ አጠገብ ያለችው መስኮት የሌላት ክፍል የእኔ ናት። የጥገና መጻሕፍት ሁሉ እዚያ አሉ። የራሳችሁን መኪና በገዛ እጃችሁ ልትጠግኑ ስትፈልጉም የምትመጡት እኔ ዘንድ ነው።

"ጋሼ፣ የዚች የእኔ አሮጌ መኪና ማኑዋል ይኖርዎታል?"

"ለምን ፈለግከው?"

"ፍሬኗን ልሠራ።"

"እስቲ እጅህን አሳየኝ።"

በቅባት እጁ ገጽ የሚገልጥ ሰው አላምንም። እጁን ታጥቦ የሚመጣውንም አላምንም፤ መኪና እጠግናለሁ የሚል ሰው እንዲህ ንጹሕ እጅ ይዞ ምን ሲሠራ ዋለ? ከኢንተርኔት አወረድኩ የሚለኝንማ አፋጥጠው ነበር። ማን ጻፈው? ለየትኛው ሞዴል? በነፃ የሚሰጥህስ ምን ፈልጎ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ እንዳልመነጠር ብዬ ሰውን ሁሉ ስመነጥር ኖርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን የመዝገብ ቤት ባልደረባችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከነገ ጀምሮ ክፍሉን የምትረከበኝ እሷ ናት። ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት? አትፈሩ፣ በሏ። ብሎን ሰባሪዋ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከአባቷ የወረሰቻትን መኪና ራሷ እየጠገነች ትነዳ ነበር። አንድ ዓርብ ማኑዋሉን ተዋሰች። ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ሐኪም ቤት ልታደርስ ስትል የፊቱ ግራ ጎማ ተንፍሶ አገኘችው። ሰኞ ሁለት የተቆረጡ ብሎኖች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ መጽሐፉ ወደ ግራ አዙሪ ይላል። አልፈታ ቢለኝ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተጫንኩት። እናቴን ቀጠሮዋ አለፋት።"

ምን አልኳት? "መጽሐፍ አይሳሳትም፣ እህቴ። የሚሳሳተው ክንድ ነው። ብሎን ሰባሪ!" ያልኩት ደግሞ ሰው በሞላበት ነው። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን በእጇ ነክታ አታውቅም። እኔም ማኑዋል አልሰጠኋትም።

ባለፈው ወር ለርክክቡ ስዘጋጅ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው የዚያው መጽሐፍ ቅጂ እንዴት ያለ ሐሰተኛ እንደሆነ ላሳያት ብዬ አወረድኩት። ማስመሪያ ይዤ መስመር በመስመር አመሳከርኩ። የጎማው ምዕራፍ ላይ ስደርስ "በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይፈታሉ" ይላል። "ያዝኩህ!" አልኩት፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ። ወደ ቀኝ የሚፈታ ብሎን በየት አገር አለ?

ከዚያ የእኛን መጽሐፍ አየሁ። የታተመው ቃል እዚያም "ቀኝ" ነው። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ "ግራ" ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉን ማን አያውቀውም? የእኔ ነው። ገና ስቀጠር የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብዬ ጠርጥሬ ማረሜ ነበር።

ዋናውን መካኒካችንን ጠየቅኩት። "አንዳንድ አሮጌ መኪኖች እንደዚያ ናቸው" አለኝ። "መኪናዋ ስትሄድ እንዳይላላ በግራ በኩል ያለውን የብሎን ጥርስ ገልብጠው ነው የሠሩት። ይህን ሳታውቅ ነው እንዴ ማኑዋል ስትጠብቅ የኖርከው?" ሌላው ሰው ግራ ሲገባው እኔ ግራን በገዛ እጄ አስገባሁት።

ትናንት ሄጄ ነገርኳት። አልደነገጠችም።

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ። እዚህ ግቢ በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፍ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

"ብናገር ያምኑኝ ነበር?"

አላምናትም ነበር። ገጹን ራሷ ሰርዛ በእኔ አላከከች እል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የቆጨኝ ይኸው ነው።

እህቴ፣ ሰው በሞላበት ነበር ያዋረድኩሽ፤ ሰው በሞላበት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። እናንተም ያን ስም ከእሷ ላይ አንሡና ለእኔ አዛውሩልኝ። ብሎን ሰባሪው እኔ ነኝ። ቁልፉ ይኸው። ያን ገጽ አትቀይሪው፤ ከስርዛቱ ሥር ስሜን ጽፌበታለሁ። ከእንግዲህ የሚያነበው ሰው ማንን መጠርጠር እንዳለበት ይወቅ።

ስጦታውን ግን አሁንም እቤቴ ነው የምከፍተው። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

በሉ፣ ደኅና ሁኑልኝ። የምትፈቱት ይፈታላችሁ፣ የምታጠብቁት ይጥበቅላችሁ። ልጆቻችሁን አሳድጉ፣ መንገዳችሁ ይቅና። አንቺም ያባትሽን መኪና ክዳን እንደገና በእጅሽ ለመክፈት ያብቃሽ። አባቶች ሲመርቁ የሚሉትን ዘንድሮ ገና ገባኝ፦ ቀኝ ያውላችሁ።